ለአንድ እንጀራ አራት ኪሎ አፈር

ከሞሰቡ አንድ እንጀራ አንሥታችሁ ሚዛን ላይ ብታኖሩት አራት መቶ ግራም ገደማ ይመዝናል። ያን እንጀራ ያበቀለው ማሳ ግን በዚያው ክረምት አራት ኪሎ የሚጠጋ አፈር በጎርፍ አጥቷል። ከእንጀራው ዘጠኝ እጥፍ የሚከብድ አፈር ማለት ነው።

ሒሳቡን በጎጃም ገበሬ መስፈሪያ፣ በኩንታል እንሥራው። ስዊዘርላንዳዊው የአፈር ጥበቃ ተመራማሪ ሃንስ ሁርኒ በኢትዮጵያ ደጋ ለዓመታት የተለካውን ይዘው እንደገመቱት፣ ከታረሰ መሬት በዓመት ከአንድ ሄክታር በአማካይ 42 ቶን አፈር ይታጠባል። 420 ኩንታል መሆኑ ነው። በ2013 የምርት ዘመን ደግሞ በአገር አቀፍ ደረጃ ከአንድ ሄክታር የታፈሰው ጤፍ በአማካይ 19 ኩንታል ገደማ ነበር። እንግዲህ ማሳው 19 ኩንታል እህል ለባለቤቱ ይሰጣል፤ 420 ኩንታል አፈር ለጎርፍ ይሰጣል። ለአንድ ኪሎ ጤፍ 22 ኪሎ አፈር ይደርሰዋል። ከአንድ ኪሎ ጤፍ ስድስት እንጀራ ይወጣል ካልን፣ የአንዱ እንጀራ ድርሻ ሦስት ኪሎ ከሰባት መቶ ግራም አካባቢ ይሆናል።

በቀን ሁለት እንጀራ የሚበላ ሰው በዓመት 27 ኩንታል አፈር ከማሳ ይሸኛል። አራት ሰው ያለበት ቤት ከመቶ ኩንታል በላይ፣ ማለትም ሁለት አይሱዙ ሙሉ አፈር በዓመት ያስጭናል። ጫኙ ዝናብ ነው፤ ተቀባዩ ዓባይ።

እርግጥ 42 ቶን አማካይ ነው። በሜዳው ያንሳል፣ በተዳፋቱ ይበዛል፤ ከታጠበውም ሁሉም ዓባይ አይደርስም፣ ከፊሉ ከሥር ካለው ማሳ ላይ ያርፋል። ቢሆንም የቁጥሩ መጠን አይለወጥም። ግራም የምናስብበት ቦታ ላይ ኪሎ፣ ኪሎ የምናስብበት ቦታ ላይ ቶን ተቀምጧል።

ይህን የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚለው አንድ ነገር ነው፦ «ታዲያ እኔ ብቻዬን ምን ላድርግ?»

ለዚህ ጥያቄ የኛ ሰው የቆየ መልስ አለው፦ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። ተረቱ የሚነገረው ስለ መተጋገዝ ነው። ነገር ግን ጥፋትም እንደ ሎሚ ይከፋፈላል። አንድ ሰው ብቻውን የጮቄን ተራራ ሊያራቁት ቢነሣ ዕድሜው አይበቃውም። ለመቶ ሺህ ሰው ሲከፋፈል ግን ለእያንዳንዱ አንዲት ሎሚ ትደርሰዋለች፤ በኪሱ ይዟት ሲሄድ አትከብደውም፣ እንዲያውም ትሸተዋለች። የተራራው መራቆት እንደዚያ ነው፤ ሁሉም ሰው ኪሱ ውስጥ አንዲት ሎሚ ብቻ ያገኛል።

ስለዚህ «የእኔ ምርጫ ይጠቅማል ወይ?» ከማለት በፊት «ለስንት ሰው ይካፈላል?» ማለት ያስፈልጋል። አካፋዩ እየጠበበ በሄደ ቁጥር የአንድ ሰው መጠን ያድጋል። ከትልቁ አካፋይ እንጀምርና ወደ ትንሹ እንውረድ።

ከስምንት ቢሊዮን አንዱ

ሰማዩን የምንጋራው ከስምንት ቢሊዮን ሰው ጋር ነው። ከነዳጅና ከሲሚንቶ የሚወጣውን የካርቦን ጋዝ ብቻ ብንቆጥር፣ አንድ ኢትዮጵያዊ በዓመት ወደ 150 ኪሎ ገደማ ይደርሰዋል። አንድ አሜሪካዊ 14 ቶን ገደማ። የደብረ ማርቆስ ሰው ዓመቱን ሙሉ በባጃጅ ተሳፍሮ፣ ቤቱን በሲሚንቶ ሠርቶ፣ አዲስ አበባ ደርሶ ተመልሶ የሚያወጣውን ጭስ አሜሪካዊው ከሰኞ እስከ ሐሙስ፣ በአራት ቀን ይጨርሰዋል። የማገዶውና የከብቱ ጋዝ ሲጨመር የኛው ድርሻ ከፍ ይላል፤ ልዩነቱ ግን አይዘጋም። በዚህ ሚዛን ላይ ከጎጃም የሚመጣ አንድ ሰው ምንም ቢመርጥ መርፌው አይነቃነቅም።

እንስሳቱን በዚሁ ሚዛን እናስቀምጥ። በ2013 ዓ.ም. በተደረገው የእንስሳት ናሙና ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ 57 ሚሊዮን ገደማ ዶሮ ነበር። ዓለም ለሥጋ በዓመት የሚያርደው ዶሮ ከ70 ቢሊዮን በላይ ነው፤ በሰዓት ስምንት ሚሊዮን። በአገራችን በየጓሮው የሚጭረው፣ በየቆጡ የሚያድረው ዶሮ ሁሉ ተሰብስቦ ለዓለም ቢላዋ ቢቀርብ ከሰባት ሰዓት ገደማ አያልፍም ነበር። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ቢጀመር አውራ ዶሮው ለንጋት የሚጮህበት ጊዜ ሳይደርስ የሚጮህ ዶሮ አይኖርም።

ይሁን እንጂ በዚህ ግዙፍ ሚዛን ላይ እንኳ ምሥራቅ ጎጃም የማይናቅ ቁጥር አለው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የዞኑ ሕዝብ 2,153,937 ነበር፤ ከመቶው 97ቱ ኦርቶዶክስ ክርስቲያን። የቤተ ክርስቲያኒቱ ሥርዓት ለምእመኑ በዓመት 180 ገደማ የጾም ቀን ያስቀምጣል፦ ረቡዕና ዓርብ፣ የሁዳዴው 55 ቀን፣ ፍልሰታ፣ ነቢያት፣ ሐዋርያት እየተደመሩ። ከምእመኑ ግማሹ ብቻ በሥርዓቱ ጾመ ብንል እንኳ፣ በዓመት ከ180 ሚሊዮን የሚበልጥ የሰው ቀን ያለ ሥጋ፣ ያለ ወተትና ያለ እንቁላል ያልፋል። በምዕራቡ ዓለም «ሰኞን ያለ ሥጋ» የሚል ዘመቻ አለ፤ የዘመቻው ታማኝ ተከታይ በዓመት 52 ቀን ይታቀባል። በደብረ ማርቆስ ሽሮዋን አንተክትካ የዓመቱን ጾም ሁሉ የምታሳልፍ አንዲት እናት የሦስት ተኩል ዘመቻተኛ ሥራ ትሠራለች፤ ዘመቻ መሆኑንም አታውቀውም።

ጾሙ ለነፍስ እንጂ ለአየር ንብረት ተብሎ አልተደነገገም። በፋሲካ ዋዜማ የበግ ተራ ምን እንደሚመስል ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። የጎጃም በሬም ከሥጋነቱ በፊት ሞተር ነው፤ ያርሳል፣ ያበራያል፣ እበቱ ማሳ ያዳብራል። ቢሆንም ከጾሙ የምንማረው አንድ ነገር አለ። ማንም ብቻውን «ዛሬ ሥጋ ልብላ አልብላ?» ብሎ አይወስንም፤ ቀኑ ራሱ ወስኖ ይጠብቀዋል። ጎረቤቱም ጾመኛ ነው፣ ምግብ ቤቱም በያይነቱ ያቀርባል። የሁሉም ሎሚ በአንድ ቀን ስለሚሰበሰብ ድምሩ ከመቶ ሚሊዮን አለፈ።

ከአምስት መቶ ሺህ አንዱ

አሁን ከሰማይ ወደ ማድ ቤት እንውረድ። በዚያው ቆጠራ በምሥራቅ ጎጃም 506,520 ቤተሰብ ተመዝግቧል። አብዛኛው ቤት ውስጥ ሦስት ጉልቻ፣ በላዩ ምጣድ፣ በምጣዱ ላይ አክንባሎ አለ። በሦስት ጉልቻ ላይ ከሚነድደው እንጨት አብዛኛው ሙቀት ምጣዱን ሳይነካ በጎን ይወጣል። የጋጋሪዋ ፊት ይጠበሳል፣ ጣራው ጥላሸት ይለብሳል፣ ሊጡ ግን ትንሹን ድርሻ ያገኛል። በኢትዮጵያ ቤተሰብ ከሚያነደው ማገዶ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው እንጀራ መጋገር ነው።

ከሠላሳ ዓመት በፊት የተነደፈው ምርት ምድጃ ይህን በጎን የሚወጣ ሙቀት ለመያዝ ነው የተሠራው። ከሲሚንቶ ተቀርጾ ምጣዱን ዙሪያውን ይከብበዋል። ነበልባሉ መሸሻ ሲያጣ ወደ ላይ ይመለሳል። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን ግማሽ ገደማ ያድናል።

ግማሽ ስንት ነው? አንድ ቤት በሳምንት ሁለቴ ይጋግራል፣ በእያንዳንዱ ጊዜ 10 ኪሎ እንጨት ያነዳል እንበል። በዓመት 1,040 ኪሎ። ግማሹ 520 ኪሎ ነው፤ በአንድ ሴት ጀርባ ከተለካ ሃያ ያህል ሸክም። ሃያ ጊዜ ወደ ጫካ አለመውጣት፣ ሃያ ጊዜ ከሸክም ሥር ጎንበስ አለማለት። ለአንዲት ሴት ይህ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው።

520 ኪሎውን በ506,520 ቤት እናባዛው፦ 263 ሺህ ቶን። በአንድ አይሱዙ 50 ኩንታል ቢጫን ከ52 ሺህ በላይ አይሱዙ ያስፈልጋል። መኪኖቹን ከደብረ ማርቆስ አደባባይ ጀምረን አንዱን ካንዱ አስጠግተን ብናሰልፋቸው ሰልፉ ሉማሜን፣ ደጀንን ያልፋል፤ የዓባይን በረሃ ወርዶ ጎሐ ጽዮን ይወጣል፤ ፍቼን አልፎ አዲስ አበባ ይገባል፤ አሁንም አያልቅም፣ የመጨረሻው መኪና ወደ አዳማ በሚወስደው መንገድ ላይ ይቆማል። ይህ ሁሉ የአንድ ዞን፣ የአንድ ዓመት፣ የአንድ ምጣድ ትርፍ ነው።

ቁጥሩ ተለማጭ መሆኑን መደበቅ አይገባም። ሁሉም ቤት እንጨት አያነድድም፤ ኩበት የሚያነድደው ብዙ ነው። እዚያ ያለው ኪሳራ ሌላ ዓይነት ነው፤ ማሳ መግባት የነበረበት ማዳበሪያ አመድ ሆኖ ይቀራል። የዳነው እንጨት ነገ ከሰል ሆኖ ከተሸጠም ትርፉ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ምርጫው ዛፍ የሚያድነው ዛፉ በእርግጥ ቆሞ ሲቀር ነው።

ስለ መቆም ካነሣን ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. ሊረሳ አይችልም። በዚያ ዕለት በ12 ሰዓት ውስጥ በመላ አገሪቱ 353 ሚሊዮን ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታወቀ። ለሴኮንድ ሲካፈል ከስምንት ሺህ በላይ ችግኝ ነው፤ ዓይን አንዴ እስኪርገበገብ ሁለት ሺህ ጉድጓድ ይሞላል። ሲቆጠር ያስደንቃል። ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥር ግን ዘፈን የለውም፦ ክረምቱ ካበቃ በኋላ ያሉት ሰባት የበጋ ወራት። ችግኝ በሴኮንድ ይተከላል፣ በሰባት ወር ይጸድቃል። ከብት የሚያግድ ልጅ፣ ጀሪካን የያዘች ልጅ፣ እሾህ አጥር የሚያጥር ሽማግሌ፣ እነዚህ በማንም መዝገብ አይገቡም።

በጎጃም ይህን የሚያስታውሱ የቆሙ ምስክሮች አሉ። ከደብረ ማርቆስ በየትኛውም መንገድ ብትወጡ፣ ከታረሰው ኮረብታ መሐል ዝግባ፣ ወይራና ጽድ የከበበው ቤተ ክርስቲያን ታገኛላችሁ። እነዚያ ዛፎች በዘመቻ አልተተከሉም። በየትውልዱ ያለ ሰው ቅርንጫፍ ሊሰብር እጁን ዘርግቶ እጁን ስለመለሰ ቆሙ። የደን ተመራማሪው ዓለማየሁ ዋሴ እና አሜሪካዊቷ ሜግ ሎውማን በደቡብ ጎንደር የሠሩት ሥራም ይህን መመለስ የሚያግዝ ነው። የአካባቢው ገበሬዎች ማሳቸውን የሚያስቸግረውን ድንጋይ ለቅመው የቤተ ክርስቲያኑን ደን እንዲያጥሩበት አደረጉ። ከብት መግባት አቆመ፤ ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ችግኝ ራሱ መብቀል ጀመረ።

ከአርባ አንዱ

አሁን ወደ አፈሩ እንመለስ፤ አካፋዩ እዚህ በጣም ይጠባል። አንድ ሸንተረር ስንት ማሳ ይይዛል? አርባ ቤተሰብ እንበል።

ሐምሌ ላይ በዚያ ሸንተረር ላይ ቁሙ። ጤፍ ፍሬው ደቃቅ ነው፤ አንድ ግራም ውስጥ ሦስት ሺህ ገደማ ፍሬ አለ፣ በአንድ እንጀራ ውስጥ ግማሽ ሚሊዮን። እንዲህ ያለ ዘር ጓል አይችልም። ገበሬው አራት፣ አምስት፣ አንዳንዴም ስድስት ጊዜ ያርሳል፤ አፈሩ እንደ ዱቄት እስኪልም፤ በብዙ ቦታ ከብት አስገብቶ ያስረግጣል። ዘሩ የሚበተነው ዝናቡ በሚበረታበት በሐምሌ ነው። ስለዚህ አፈሩ ይበልጥ የደቀቀበትና ይበልጥ የተራቆተበት ሳምንት ዝናቡ ይበልጥ የሚከፋበት ሳምንት ነው።

በደብረ ማርቆስ በዓመት 1,300 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይወርዳል። በአንድ ሄክታር ላይ 13 ሚሊዮን ሊትር ይሆናል፤ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን 650 ሺህ ጀሪካን። እያንዳንዱ ጠብታ ሦስት ሚሊ ሜትር ስፋት ቢኖረው በአንድ ሊትር 70 ሺህ ጠብታ አለ፤ በአንድ ሄክታር ወደ አንድ ትሪሊዮን ይጠጋል። ያን የሚያህል ጠብታ በሴኮንድ ስምንት ሜትር እየበረረ ይመታል፤ የማራቶን ሯጭ ከሚሮጠው ይፈጥናል። ጠብታው አፈሩን ሲመታ ደቃቁን ወደ ላይ ያፈናጥረዋል፤ ጎርፉም ያን ያነሣዋል። 42 ቶኑ እንደ ወረቀት ሲዘረጋ በሄክታሩ ላይ ሦስት ሚሊ ሜትር ተኩል ብቻ ይሆናል። የእጅ ጥፍር በአንድ ወር የምታድገው ያህል ነው። ለዚህ ነው ገበሬው ሲሄድ የማያየው፤ በየዓመቱ የሚያየው ድንጋዩ ከፍ እያለ መምጣቱን ነው።

ይህ በጎጃም የተገመተ ብቻ ሳይሆን የተለካም ነው። በ1973 ዓ.ም. ግብርና ሚኒስቴርና የበርን ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት የአፈር ጥበቃ ምርምር ከጣቢያዎቹ አንዱን በ1976 ዓ.ም. አንጀኒ ላይ ከፈተ፤ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር ሲሄዱ ደምበጫ አካባቢ፣ ከጮቄ በስተ ደቡብ። ተፋሰሱ 113 ሄክታር ገደማ ነው። ወንዙ ላይ ውኃና ደለል ይለካል፣ ማሳው ላይ ዝናብ ይቆጠራል። ከሁለት ዓመት በኋላ ገበሬዎቹ ፋንያ ጁ እርከን ሠሩ። ስሙ የስዋሂሊ ነው፤ ቦይ ተቆፍሮ አፈሩ ወደ ላይኛው ጎን ይጣላል። ጎርፍ የሚያመጣው አፈር ከእርከኑ ላይ እየተጠራቀመ፣ ዓመት በዓመት እየሞላ፣ ተዳፋቱን ወደ ደረጃ ለወጠው። ሰዎቹ እርከኑን ጀመሩ፤ የጨረሰው ራሱ ጎርፉ ነው።

እርከን ያለ ዋጋ አይሠራም። ከማሳው ቁራጭ ይወስዳል፣ በሬ ሲዞር ያስቸግራል፣ አይጥ ይሸሸግበታል፣ በከባድ ዝናብ ላዩ ላይ ውኃ ይተኛል። ገበሬው ሲያማርር ሰምቶ «አልገባውም» ማለት ሚዛናዊ አይደለም፤ በደንብ ገብቶት ነው።

እንግዲህ የአንድ ሰው ጉልበት እዚህ ስንት ይመዝናል? በተፋሰስ ልማት የሥራ መለኪያ መሠረት አንድ ኪሎ ሜትር ፋንያ ጁ 200 የሰው ቀን ይፈጃል። አንድ ሰው በቀን አምስት ሜትር። በመንግሥት የበጋ ዘመቻ 30 ቀን ቢሠራ 150 ሜትር ይሆናል። እርከኑ በየ15 ሜትሩ ቢደረደር ያ ሰው 2,250 ካሬ ሜትር መሬት ጠበቀ ማለት ነው፤ በጎጃም አቆጣጠር ወደ አንድ ጥማድ ይጠጋል። ከዚያች ጥማድ የሚታጠበውን ግማሹን እንኳ ቢያስቀር በዓመት 47 ኩንታል አፈር፣ ወደ አንድ አይሱዙ።

አሁን የመጀመሪያውን ሒሳብ አስታውሱ። አራት ሰው ያለበት ቤት በዓመት ሁለት አይሱዙ አፈር ያስጭናል ብለን ነበር። ባልና ሚስት 30 ቀን አብረው ሲቆፍሩ ሁለት አይሱዙ ያህል ይመልሳሉ። እርከኑ በየዓመቱ እስከታደሰ ድረስ በሚቀጥለውም ክረምት ይከፍላል። በሰማዩ ሚዛን መርፌ የማያነቃንቀው ጉልበት በሸንተረሩ ሚዛን የቤተሰቡን ዕዳ ይዘጋል።

ይሁንና ሸንተረር ከማድ ቤት የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ እዚህ ሎሚው እኩል አይካፈልም። ሠላሳ ዘጠኙ እርከን ሠርተው አርባኛው ካልሠራ የተገደበው ውኃ ሁሉ መውጫ ፈልጎ በእሱ ክፍተት ይሰበሰባል። እያንዳንዱ ገበሬ ማሳውን ለማዳን የሚያወጣው የውኃ መውረጃ ቦይ፣ ፈሰስም፣ እንዲሁ ነው፤ የእሱን ጤፍ ያድናል፣ ውኃውን ግን ከሥሩ ላለው ጎረቤት ያስረክባል። የላይኛው ፈሰስ ከታችኛው ፈሰስ እየተጋጠመ በጥቂት ክረምት ከበሬ የሚጠልቅ ቦረቦር ይሆናል። አንድ ሰው በጎ ሲሠራ አንድ አርባኛ ነው፤ ክፍተት ሲተው ግን የአርባውን ውኃ ይሸከማል።

ውኃውም ቁልቁል ይሄዳል። ከጮቄ የሚነሡት ወንዞች ወደ ዓባይ ይገባሉ፤ ዓባይም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ወደተመረቀው የህዳሴ ግድብ። ግድቡ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል። የተገነባውም በሎሚ ሒሳብ ነው፦ መምህሩ ከደመወዙ፣ ነጋዴው ከትርፉ፣ ተማሪው ከኪሱ ቦንድ ገዝቷል። ደለልም በዚያው ሒሳብ ይገባል። በቦንድ የገዛነውን ውኃ በእንጀራ ቁጥር በአፈር እንተካዋለን።

አንድ ለአንድ

የመጨረሻው አካፋይ አንድ ነው። በገበያ ቀን ጠዋት፣ ከገጠር ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወርደው መንገድ ዳር ቁሙ። አህዮች ጤፍ፣ ድንች፣ ከሰል ጭነው በተራ ያልፋሉ። በ2013ቱ የናሙና ጥናት በኢትዮጵያ 10 ሚሊዮን ከ800 ሺህ ገደማ አህያ ነበር፤ ይህን ያህል አህያ ያለው አገር በዓለም ሌላ የለም።

በ2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ የአህያ ቄራ ተከፍቶ ነበር። ሕዝቡ ተቆጣ፤ ቄራው ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ። የአህያ መታረድ ብዙ ሰው አስቆጣ፤ በአህያዋ ጀርባ ላይ ያለው ቁስል ግን ከዚያም በፊት ነበረ፣ ከዚያም በኋላ አለ። ለቁስሉ የወጣ ሰልፍ አልታየም፤ ሊታይም አይችልም። የዚያች አህያ ጀርባ ከስምንት ቢሊዮን ሰው ጋር አይካፈልም፣ ከአርባ ቤተሰብም ጋር አይካፈልም። አንድ ጌታ አላት። ጠዋት መጫኛውን የሚያጠብቀው አንድ እጅ ነው።

አንዲት አህያ 15 ኪሎ ሜትር ሄዳ ገበያ ትደርሳለች እንበል። በአንድ ርምጃ ስልሳ ሳንቲ ሜትር ብትሄድ 25 ሺህ ርምጃ ነው። በእያንዳንዱ ርምጃ ጭነቱ ትንሽ ይወዛወዛል፣ መጫኛው ትንሽ ይፈትጋል። በዓመት መቶ ጊዜ ብትጫን በአንድ የጀርባ ቦታ ላይ ሁለት ሚሊዮን ተኩል ጊዜ ይፈትጋል። አንዱ ፍትጊያ ጸጉር አይነቅልም፤ ሁለት ሚሊዮን ተኩሉ ግን አጥንት ያሳያል። ትሪሊዮን ጠብታ ማሳውን እንዳራቆተ ሁሉ ይሄኛውም በጥቂት በጥቂቱ ነው።

ድልድሉ በደንብ ከተሰናዳ፣ ከመጫኛው ሥር የተጣጠፈ ጆንያ ከገባ፣ ጭነቱ በግራና በቀኝ እኩል ከተመዘነ ያ ሁለት ሚሊዮን ተኩል ፍትጊያ ጨርቅ ላይ ያልቃል። ጆንያ ለማጣጠፍ የሚፈጀው ጊዜ አሥር ሴኮንድ አይሞላም።

ከደብረ ማርቆስ ገበያ የሚመለስ አንድ ሰው ስለ ስምንት ቢሊዮኑ ሰማይ ብዙ ሊያደርግ አይችልም። እቤቱ ሲደርስ ግን ጉልቻው ይጠብቀዋል፣ ከጉልቻው ማዶ እርከኑ፣ ከእርከኑ በፊት ደግሞ ጭነቷን የምታወርድ አህያ። ነገ ጠዋት አሥር ሴኮንድ፣ ለ25 ሺህ ርምጃ። ሒሳቡን እሷ ትይዘዋለች።